ሦስት ሦስት ምት

የትራክተሯ ጎማ ከወለቀበት ጎን ፊት ለፊት፣ ትልቁን መዶሻ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ሽፈራው ቆመዋል። በስተቀኛቸው ግመላቸውን ከሮቃው ዛፍ ጥላ ሥር ትተው የመጡት ጋሼ ሙሄ፤ ከጋሼ ሙሄ ኋላ፣ እንደ ልማዳቸው ግማሽ እርምጃ ራቅ ብለው፣ ቀጥቃጩ አቶ ወልዴ። በስተግራ ፓፓያ የሚለቅሙትን ሴቶች የሚያዙት እትዬ በላይነሽ፣ እጆቻቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው። አባቴ ከሁሉም ተለይተው በመሪው በኩል፣ አንድ እጃቸውን ወንበሩ ላይ አሳርፈው፣ ጀርባቸውን ለመዶሻው ሰጥተው። እኔ በተደፋ የፓፓያ ሣጥን ላይ ተቀምጬ፣ ደብተር ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ።

ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ማን የት እንደቆመ ሳልሳሳት የምናገረው ትውስታዬ ከሰው የተለየ ሆኖ አይደለም። ሊቀመንበሩ «የቆሙበት ቦታም ይጻፍ» ስላሉ፣ እኔው በእጄ የጻፍኩት ስለሆነ ነው።

ባለፈው ሳምንት የቤቱን ካርታ ስፈልግ ከሣጥኔ ሥር፣ ከማልለብሳቸው ልብሶች መሃል፣ በቅባት ወረቀት የተጠቀለለች ነገር እጄ ገባች። ወረቀቱን ስፈታው ገና ዓይኔ ሳያያት ሽታዋ ቀደመኝ፤ ከአባቴ እጅ ወደ ወረቀቱ የገባው ያ የማርሽ ዘይት ሽታ፣ ወፍራም፣ ትንሽ የሰናፍጭ የሚመስል፣ በሙቀት ቀን ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ። መዳፍ የምታህል ጥቁር የጎማ ቀለበት ናት። መካኒኮች ፓራኦሊዮ ይሏታል፤ ሥራዋም የማርሹ ዘይት በጎማው ዘንግ በኩል ሾልኮ እንዳይወጣ መያዝ ነው። ይቺኛዋ ግን አንድ ጠብታ ዘይት ሳትይዝ አርጅታ ደርቃለች። ሰው የልጅነቱን ዕቃ ሲያገኝ ዓይኑ እንባ ያቀርራል ይባላል። እኔን ጥርሴን አስነከሰኝ።

ከደብረ ሲና ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ መጀመሪያ ሹራብ ይወልቃል፣ ቀጥሎ ነጠላ፣ ሮቢት ሲደረስ ደግሞ ትዕግሥት። በዚያ ሙቀት ውስጥ፣ ከሮቢ ወንዝ ዳር፣ አንድ የውጭ አገር ሰው ያለማው የብርቱካንና የፓፓያ አትክልት ቦታ ነበር። አባቴ የዚያ ሰው ሹፌር ነበሩ። የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ሰውየው አገሩ ገባ፣ አትክልቱ የገበሬ ማኅበሩ ሆነ፣ በዕቃ ቤቱ የነበረው ባልዲም ገመድም መጋዝም ለአባላቱ በዕጣ ተከፋፈለ። እኛ ቤት የበር ማጠፊያ ደረሰን፣ በር ግን አልደረሰንም። እትዬ በላይነሽ አንድ ጆንያ ቁርጥራጭ ብረት ደርሷቸው፣ «አብዮቱ ለኔ ሲደርስ ዛገ» እያሉ ለወራት አማረሩ። ትንሿ ትራክተር ግን በዕጣ የምትወጣ አልነበረችምና የጋራ ሆነች።

ትራክተር ስል ትልቁን እንዳታስቡ። ከበሬ ብዙም የማትበልጥ፣ ቀይ ቀለሟ በፀሐይ ወደ ሮዝ የሄደ፣ በብርቱካን ረድፎች መካከል ቅርንጫፍ ሳትሰብር የምታልፍ የአትክልት ቦታ ትራክተር ነበረች። ሰፈሩ ግልገሏ ይላት ነበር። በአስፋልቱ ወደ ደሴ የሚያልፉት ከባድ መኪኖች ሲያገሱ ግልገሏ ከአትክልቱ ውስጥ እንደመመለስ ታደርግ ነበርና፣ ልጆች «እናቷን ጠራች» ይሉ ነበር። አባቴ በየማለዳው በጨርቅ ይወለውሏታል። አያናግሯትም፣ አያንቆለጳጵሷትም፤ አባቴ ለእኛም ቢሆን እንዲያ አያደርጉም። ግን አንድም ቀን በርግጫ ወይም በመዶሻ ሲነኳት አላየሁም። «ብረት ላይ እጁን የሚያነሣ ሰው የሚያሳየው ጉልበቱን ሳይሆን አለማወቁን ነው» ይሉ ነበር፤ እሳቸው በዓመት ከሚናገሯቸው ጥቂት ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

እኔ ዘጠነኛ ክፍልን ደብረ ሲና ጨርሼ ለክረምት በመጣሁበት ዓመት ግልገሏ በግራ የኋላ ጎማዋ በኩል ዘይት ማፍሰስ ከጀመረች ከርማ ነበር። ጠዋት የተሞላው ዘይት ማታ መሬት ላይ ነው። ጎማው ዘይት ጠጥቶ፣ አቧራ ለብሶ፣ ዳቦ ሊጥ መስሏል። ሰው ደግሞ የሚያንጠባጥብ ነገር አግኝቶ ዝም አይልም፤ ጣሳ እየያዘ መጥቶ አንዱ ለፍየሉ እከክ፣ ሌላው ለሚጮኸው በሩ፣ አንዲት ሴትዮ ለጉልበቷ ቁርጥማት ይወስዳል። ብልሽቱ ቢታወቅም ያቺ ቀለበት ከአዲስ አበባ እስክትመጣ ሰባት ወር ፈጀ። በአውቶቡስ ረዳት እጅ ስትደርስ ሰፈሩ ሁሉ እየተቀባበለ አያት። እትዬ በላይነሽ ጣታቸው ላይ ሊያጠልቋት ሞክረው፣ «ለዚህች ነው ሰባት ወር ደጅ የጠናነው? ሙሽራ እንኳን በዚህ ጊዜ ውስጥ ታጭታ፣ ተድራ፣ አርግዛ ነበር» አሉ።

ቀለበቷ መጣች፤ ግን የምትገባበት ቦታ ዝግ ነበር። ጎማው የሚታሰርበት፣ ሞዞ የሚሉት ወፍራም የብረት እምብርት አለ። ቀለበቷ የምትቀመጠው ከሞዞው ጀርባ ነው። ጎማው በቀላሉ ወለቀ፤ ሞዞው ግን ከዘንጉ ጋር ዝጎ፣ አንድ ሥጋ ሆኖ፣ አልነቃነቅ አለ።

በዚያው ሰሞን ከአውራጃው ደብዳቤ መጣ። ቆመው የተገኙ ማሽኖች ሁሉ ከጳጉሜ በፊት ተመርምረው፣ የማይሠሩት ይሰበሰባሉ፤ ማሽን በአሻጥር ያበላሸ ካለም ይጠየቃል ይላል። አሻጥር የሚለው ቃል በዚያ ዘመን በሰው ላይ ከወደቀ እንደ ሞዞው ነው፣ አይነቀልም። አባቴ ደብዳቤው ሲነበብ ዞረው ግልገሏን አዩ። ግልገሏ ከሄደች ሹፌርነታቸው እንደሚያበቃ፣ ሹፌርነታቸው ካበቃ የኔ የደብረ ሲና ኪራይ ቤትና ትምህርት እንደሚያበቃ እኔም እሳቸውም እናውቅ ነበር።

የማኅበሩ ጸሐፊ ወባ ይዞት ተኝቶ ነበርና ሊቀመንበሩ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ አዘዙኝ። ለአንድ ጎማ ቃለ ጉባኤ! አቶ ሽፈራው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ብቻ ያለ ስብሰባ መተንፈስ የሚፈሩ ሰው ነበሩ። አንድ ነገር ከመደረጉ በፊት ይጻፋል፣ ሲደረግ ይጻፋል፣ ሳይሳካ ሲቀርም ይጻፋል። ደብተሩ ከአትክልቱ ቦታ ይልቅ ለማ።

አባቴ በመጀመሪያው ስብሰባ ሐሳባቸውን ተናገሩ። የውጭ አገሩ ሰው ሞዞ የሚያወጣው በመንቀያ ነበር፤ መንቀያውን ይገጥማል፣ መሃሉ ላይ ያለውን ቡሎን በትንሹ ያጠብቃል፣ ሄዶ ሻይ ይጠጣል፣ ተመልሶ እንደገና በትንሹ ያጠብቃል፤ ብረቱ ተጨንቆ ተጨንቆ በራሱ ይለቃል። መንቀያው ግን በዕቃ ቤቱ የለም። ስለዚህ ለአውራጃው ይጻፍና መንቀያ በውሰት ይምጣ፣ እስከዚያ አትንኳት አሉ።

«ስንት ወር?» አሉ ሊቀመንበሩ። «ሰባት?»

ሁሉም ሳቀ። አባቴ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ድጋሚ አልተናገሩም። ለምን እንዳልጮኹ፣ ለምን ጠረጴዛ እንዳልመቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እውነት የያዘ ሰው ዝም ሲል ውሸት የያዘው ሁሉ ድምፁ ያምርለታል።

የመጀመሪያው ቀን የእሳት ነበር። አቶ ወልዴ ወናፋቸውን አምጥተው ሞዞውን በከሰል አጋሉት። እሳቸውስ ብረት ያውቃሉ፤ አንዴ ሞቅ ተደርጎ ቶሎ ከተሳበ ይለቃል ነበር ሐሳባቸው። ነገር ግን ቀጥቃጭ ናቸውና እሳቸው ተናግረው ሳይጨርሱ ሌላው ይቀጥልላቸዋል፤ «ሞቅ» ሲሉ «ይንደድ» ተባለ። ነደደ። ውስጥ የነበረው ቅባትና አሮጌው ቀለበት ተቃጥሎ ጥቁር ጭስ ወጣ፣ የፓፓያ ቅጠል ጠቆረ፣ ሴቶቹ እየሳሉ ሸሹ፣ ሞዞው ግን አልወጣም። ጻፍኩ፦ በእሳት ተሞክሮ አልሆነም።

ሁለተኛው ቀን የግመል ነበር። ጋሼ ሙሄ የአሊዩ አምባ ሰው ናቸው፤ አባቶቻቸው ከነግመላቸው ጨው ሲያመላልሱ የኖሩ፣ ለቀልድም ለጸሎትም የማይሰንፉ።

«ወላሂ፣ ይቺ ግመል ዳገቱን ሙሉ ጨው ተሸክማ ስትወጣ እህ ያላለች ናት» አሉ። «አንዲት የብረት ሳህን አታቅታትም።»

«ሙሄ፣ ተሸክማ እኮ ነው የምታውቀው፤ ነቅላ አይደለም» አሉ እትዬ በላይነሽ።

«መንቀልማ ምን ይገዳታል? የጎረቤት ቡቃያ ስትነቅል አላየሽም?»

ግልገሏን በስተኋላ ከሮቃው ግንድ ጋር ጠፈሯት፣ ሞዞውን በገመድ ከግመሏ ጋር አሰሩት። ግመሏ አንድ ጊዜ ሳበች። ትራክተሯ ከተደገፈችበት ድንጋይ ላይ ወርዳ በጎኗ ዘመም አለች። አባቴ ሮጠው ሄደው በትከሻቸው ደገፏት፤ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በትከሻቸው! ግመሏ ዞራ ያመጣችውን ጣጣ አየችና ተንበረከከች፣ ከዚያም በዱላም በምርቃትም አልነሣ አለች። በመጨረሻ ገመዱን ማኘክ ጀመረች። ከሁላችንም ነገሩ የገባት እሷ ብቻ ነበረች። ጻፍኩ፦ በግመል ተሞክሮ አልሆነም።

በሦስተኛው ቀን ሊቀመንበሩ ትልቁን መዶሻ ይዘው መጡ። በመዶሻው ሐሳብ ሁሉም ይስማማል፣ ለመጀመር ግን ሁሉም ይፈራል፤ ቢሰበርስ? አሻጥር የሚለው ደብዳቤ ገና ከሰው ጆሮ አልወጣም። እዚህ ላይ አቶ ሽፈራው ሌሊቱን ሲያወጡ ሲያወርዱ ያደሩበትን መላ ተናገሩ።

«አንድ ሰው መትቶ ቢሰብረው አሻጥር ነው» አሉ። «ሁላችንም ሦስት ሦስት ጊዜ ከመታነው ግን የጋራ ውሳኔ ነው። የጋራ ሲሆን ማን ይጠየቃል? ማንም! ጸሐፊ፣ የያንዳንዱን ምት ጻፊ። የቆሙበት ቦታም ይጻፍ።»

መላው ብልህ ነበር፤ ስለ ብረቱ ማንም አልጠየቀም እንጂ። እንዴት ይወጣል የሚለው ቀርቶ እንዴት አንጠየቅም የሚለው ብቻ ታሰበ። በዚህ ታሪክ መጀመሪያ ላይ ማን የት እንደቆመ የዘረዘርኩት የዚያን ቀን ነው።

ጋሼ ሙሄ «ቢስሚላህ» ብለው ሦስት መቱ። አቶ ወልዴ «በስመ ሥላሴ» ብለው ሦስት መቱ፤ የሳቸው ምት ቀለል ያለና ቦታውን የሚያውቅ ነበር፣ ሲጨርሱም ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ በላይነሽ መዶሻውን ነጠቁ።

«እርስዎ ይቅርብዎ» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ለምን ይቀርብኛል? የሴት እኩልነት በስብሰባ ላይ ብቻ ነው?»

የሳቸው ሦስት ምት ከሁሉም የከበደ ነበር። ዛፉ ላይ የነበሩ ወፎች ተነሡ። ሞዞው መቼ እንደተሠነጠቀ ዛሬም አላውቅም፣ እኔ ግን ያኔ ይመስለኛል።

«ደምሴ፣ ተራህ ነው» አሉ ሊቀመንበሩ።

አባቴ ፊታቸውን አላዞሩም። «እኔ አልመታም» አሉ።

«ሁላችንም መትተናል እኮ።»

«አይቻለሁ።»

«አያ ደምሴ፣» አሉ ጋሼ ሙሄ ለስለስ ብለው፣ «ለወጉ ያህል ነካ ነካ አድርገው። ማን ያይሃል?»

«እሷ ታየኛለች» አሉ አባቴ፤ ትራክተሯን ይሁን እኔን አልገባኝም።

ሊቀመንበሩ ላባቸውን ጠረጉ። መላቸው የሚሠራው ሁሉም ከመታ ነው። አንድ ያልመታ ሰው ካለ ወይ የመቱት ሁሉ ጥፋተኛ ናቸው፣ ወይ እሱ ብቻ። «እንግዲያው ጻፊ» አሉኝ። «ሹፌሩ ለመምታት ፈቃደኛ አልሆነም በዪ።»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ፀሐዩ አናቴ ላይ ነው፣ ብዕሩ በላብ ይሟልጫል። ፈቃደኛ አልሆነም የሚለው ዓረፍተ ነገር ተጽፎ፣ አውራጃ ደርሶ፣ በማላውቀው ሰው ጠረጴዛ ላይ ሲነበብ ታየኝ። በሊቀመንበሩ ነደድኩ፣ በሕዝቡ ነደድኩ፣ ከሁሉም በላይ በአባቴ ነደድኩ፤ ሦስት ጊዜ ነካ ማድረግ ምን ነበረበት? አቀርቅሬ ጻፍኩ፦ ደምሴ፣ ሦስት።

ከዚያ ሊቀመንበሩ የራሳቸውን ሦስት ጀመሩ። በሁለተኛው ምት የሞዞው ጠርዝ፣ ቡሎኑ የሚገባበት ጆሮ፣ ተገምሶ ሄዶ አጠገባችን ከነበረው የበርበሬ መደብ ውስጥ ወደቀ። ሦስተኛውን አልመቱም። እኔ ግን ሦስት ብዬ ጻፍኩላቸው፤ እጄ አንዴ ለምዷል።

ደብተሩ ለፊርማ ዞረ። ጋሼ ሙሄ፣ አቶ ወልዴና እትዬ በላይነሽ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ሊቀመንበሩ በጣታቸው እየተከተሉ በቀስታ አነበቡ፤ የአባቴ ስም ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ፈረሙ። አባቴ ግን ሳያነቡ ነው የፈረሙት። እኔ የጻፍኩትን አንብበው አያውቁም፤ ጽሕፈቴ ያምር ነበርና ወረቀቱን ራቅ አድርገው ያዩታል፣ በቃ።

ከሳምንት በኋላ መርማሪው በመሥሪያ ቤት መኪና መጣ። ቀጭን፣ ካኪ የለበሰ፣ ሙቀቱ ያሰቃየው፣ እጁ ላይ የማይለቅ ዘይት ያለበት ሰው ነበር። ግልገሏን አየ፣ የተገመሰውን አየ፣ ከንፈሩን መጠጠና መጀመሪያ ምሳ አለ። ምሳው እትዬ በላይነሽ ቤት ነበር። ሽሮው ምድጃ ላይ እየተንተከተከ ሳለ መርማሪው ሲጋራውን ከእሳቱ ሊለኩስ ጎንበስ አለ፤ እንደጎነበሰ ቀረ።

«እናቴ፣ ድስቱ የተቀመጠበት ምንድን ነው?»

«ጉልቻ ነዋ ልጄ። በናንተ አገር የለም?»

«ከየት አመጡት?»

«በዕጣ ደረሰኝ። ባለ ሦስት እግር ብረት ነው፤ ሦስት ድንጋይ ከምለቅም ብዬ…»

ሰውየው ድስቱን በጨርቅ አንሥቶ መሬት አስቀመጠ። ጥላሸት የለበሰውን ብረት በጉጠት አውጥቶ ደጅ ላይ ጣለውና ውኃ ደፋበት። ከእንፋሎቱ ውስጥ ሦስት ቆልማማ እግሮችና መሃላቸው ላይ ያለው ትልቅ ቡሎን ብቅ አሉ። አባቴ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ያ አላህ!» አሉ ጋሼ ሙሄ። «እኛ ግመል ስንለምን መንቀያዋ እዚህ ሽሮ ታበስላለች?»

«ታዲያ ማን ጠየቀኝ?» አሉ እትዬ በላይነሽ፣ ፊታቸው እየቀላ። «ሦስት ቀን ሙሉ መንቀያ፣ መንቀያ አላችሁ። እግር አለው ያለኝ አለ? ወንድ የሚፈልገውን ነገር መልኩን አይናገር! ደግሞ አሁን በድንጋይ ላይ ላበስል ነው። ይሁን፤ ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም።»

ተረቱ በዚያ ዘመን ለሌላ ነገር ይተረት ነበርና ሁላችንም ደነገጥን፤ መርማሪው ግን ያልሰማ መስሎ ሲጋራውን ለኮሰ። በዕጣው ጆንያ ውስጥ የገባው መንቀያ እንዲያ ከረመ። እኔ ራሴ ከዚያ ድስት ስንት ጊዜ በልቻለሁ። መጽሐፍ አንባቢ ነኝ፣ ዘጠነኛ ክፍልን በማዕረግ የጨረስኩ ነኝ፤ ከሥሩ ያለውን ግን አላየሁም።

መንቀያውን ለአባቴ ሰጧቸው። እንደ ጥንቱ ገጠሙ፣ በትንሹ አጠበቁ፣ ቆሙ። እንደገና በትንሹ አጠበቁ። ሻይ ተጠጥቶ በሚያልቅበት ጊዜ ውስጥ «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰማና ሞዞው እንደ ወተት ጥርስ ወጣ። ከኋላው አሮጌው ቀለበት ከሰል ሆኖ ተገኘ። አዲሷ ቀለበት በአባቴ ኪስ ውስጥ ነበረች፤ ሊያወጧት እጃቸውን ሰደዱ። መርማሪው ግን የተገመሰውን ጆሮ በጣቱ እየዳበሰ ራሱን ነቀነቀ።

«ይህ ጎማ አይይዝም። ዘንጉም ታጥፏል። በመዶሻ ነው?»

«በጋራ ውሳኔ ነው» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ደብተሬን እያቀበሉ።

«ሁላችሁም መታችሁ? አንድ ያልመታ የለም?»

«እኔ አልመታሁም» አሉ አባቴ።

እንዲያ ደረታቸውን ነፍተው ሲናገሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መርማሪው ወደሳቸው ዞረ፣ እጃቸውን አየ፣ ከዚያ ደብተሩን ገለጠ። ጣቱ በስሞቹ ላይ ወረደ፣ ቆመ።

«እርስዎ ደምሴ ነዎት? ወረቀቱ ሦስት ይላል። ፈርመውበታልም።»

ጋሼ ሙሄ ወደ ግመላቸው ተመለከቱ። አቶ ወልዴ መሬት አዩ። እትዬ በላይነሽ አፋቸውን ከፍተው ሊቀመንበሩን አዩና ዘጉት። ወረቀቱ ውሸት ከሆነ የፈረሙበት ሁሉ ውሸታም ናቸው። አባቴ ዘወር ብለው ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ፤ ብዕሩ አሁንም በእጄ ነበር። ብዙ አልቆዩም።

«ረስቼው ነው» አሉ። «ወረቀቱ ካለ መትቻለሁ።»

መርማሪው ደብተሩን ከደነው። «በዚህ ክፍለ ሀገር ብረት የማይደበድብ አንድ ሰው ባገኝ» አለ ለማንም ሳይሆን፣ «ዛሬውኑ ጋራዥ አስገባው ነበር።» የምሬት ንግግር ይሁን እውነተኛ ፍለጋ አላወቅሁም። አባቴ ያን ሥራ የሚጠይቁበትን በር እኔው በቀለም ዘግቼዋለሁ።

ማንም አልታሠረም። የጋራ ምት ነበርና የጋራ ተግሣጽ ተሰጠ፣ ሊቀመንበሩም በመላቸው ኮሩ። ግልገሏ በከባድ መኪና ተጭና ሄደች። አባቴ አካፋ ተሰጥቷቸው የመስኖ ውኃ ጠባቂ ሆኑ። እኔን ግን ከትምህርት አላስቀሩኝም። እንዴት አድርገው እንዳስተማሩኝ ያኔ አልጠየቅኩም፣ በኋላ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። ያን ማታ ራት ላይ ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጨው አቀብዪኝ አሉኝ፣ አቀበልኳቸው።

ዛሬ የአትክልቱን ቦታ ግማሹን ሮቢ ወንዝ በልቶታል፣ በቀረው ላይ ቤት ተሠርቷል። ሮቃው የለም። በላይነሽም፣ ሙሄም፣ ወልዴም፣ ሽፈራውም የሉም። እኔ ቤት ፊት ለፊት ባጃጅ የሚጠግኑ ሰዎች ሦስት ዓይነት መንቀያ ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ ሲቸኩሉ አሁንም መዶሻውን ያነሣሉ፤ ያኔ መስኮቴን እዘጋለሁ። ይህ ሁሉ ያረጀ፣ የሚጠበቅ ነገር ነው። ያበሸቀኝ ሌላ ነው። አባቴ በሕይወታቸው ስለ ራሳቸው በሰው ፊት የመሰከሩት አንዲት ቃል ነበረቻቸው፤ አልመታሁም የምትል። እሷንም በጥሩ ጽሕፈት ሰረዝኩባቸው።

መስከረም ሲገባ ወደ ደብረ ሲና የሚወጣው አውቶቡስ ጋ ሣጥኔን ተሸክመው ሸኙኝ። ከኪሳቸው ያቺን ቀለበት አውጥተው ሰጡኝ፤ በቅባት ወረቀት ጠቅልለዋታል።

«ደብተር ውስጥ አታድርጊያት፣ ትታጠፋለች» አሉ። «ከልብስሽ መሃል ይሻላታል።»

«እሺ አባዬ።»

የምናገረው ነበረኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ረዳቱ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ ሦስት ጊዜ መታ፤ አባቴ ፊታቸውን ጨፍገግ አደረጉ። ተሳፈርኩ።